የሊቀ ቦርሳ ኃይለልዑል የቆቅ አደን

በዚህች አገር የትኛውም ከተማ ብትሄዱ ለመንገድ የሚዘጋጅ አንድ ሰው አታጡም። መንገዱን የሚሄዱት ግን ሌሎች ናቸው፤ እሱ ገና ቋጠሮ ይፈታል። ሰርገኛ ሲመጣ በርበሬ የሚቀነጥሱትን ይንቃል፤ የሱ በርበሬ ካምና ጀምሮ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ በሦስት ፌስታል ተቋጥሯል። የትኛው ፌስታል ከላይ ይሁን እያለ ሲጨነቅ ሰርገኛው በልቶ ይሄዳል።

የሮቤው እንዲህ ያለ ሰው ኃይለልዑል ነው። ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ «ሊቀ ቦርሳ» የሚለውን ማዕረግ ግን የሰጠው መንግሥት ሳይሆን ጓደኛው ባዳሳ ነው። ባዳሳ የጎባ ልጅ ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ከሮቤ ጊኒር የጭነት መኪና ሲነዳ ነው። ሁለቱ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ አደኑ በተፈቀደበት ወቅት ቅዳሜ ቅዳሜ ቆቅ ለማደን ይወጣሉ። ጠመንጃው የባዳሳ ነው፤ ቦርሳውና ጥይቱ የኃይለልዑል። ጠመንጃ የያዘ ጥይት አይይዝም የሚለውን ሕግ ያወጣው ራሱ ኃይለልዑል ሲሆን፣ የሻረውም ያሻሻለውም የለም።

የዘንድሮውን ቦርሳ መምረጥ ብቻ አንድ ክረምት ፈጀ። የመጀመሪያው ቀይ ነበር፤ ቆቅ ከሩቅ ያየዋል ተብሎ ለእህቱ ልጅ ተሰጠ። የሁለተኛው ዚፕ ሲከፈት እንኳን ቆቅ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ሦስተኛውን ከሰልባጅ ተራ አገኘው፤ የወታደር ዓይነት አረንጓዴ፣ በጎኑ ለምን እንደተሰፋ ያልታወቀ ረጅም ኪስ ያለው። ባዳሳ ኪሱ ለምን እንደሚሆን ቢጠይቀው «ለማንኛውም» አለው። ከዚያ ትከሻ ይቆርጥ እንደሆነ ለመፈተን አሥራ አምስት ኪሎ ገብስ ሞልቶበት የሮቤን ገበያ ሦስት ጊዜ ዞረ። አንዲት ሴት ወፍጮ ቤቱ ወረፋ እንዳለው ጠየቀችው። ቆሞ በትሕትና፣ የሚሄደው ወፍጮ ቤት ሳይሆን ቆቅ አደን መሆኑን አስረዳት። «እግዜር ይማርህ» ብላው አለፈች።

ቆቅ እንግዲህ ላባዋ ተነጭቶ ግማሽ ኪሎ ብትሞላ ነው። ለሷ ሲባል የአደን ፈቃዱ ሦስት ቅጂ በላስቲክ ተለብጦ ይገባል። የዝናብ ላስቲክ ይገባል፤ ላስቲኩ ቢቀደድ ተብሎ ጃንጥላ ይገባል። ክብሪት፣ ሻማ፣ ገመድ፣ ቪክስ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ፔርሙዝ፣ አንድ ጥቅል ሶፍት። ባለቤቱ ወይዘሮ ኢየሩስ ቢላዋ ሲጠፋባት ወጥ ቤቱን አትፈልግም፤ በቀጥታ ሄዳ ቦርሳውን ትፈትሻለች። ባዳሳ ጃንጥላውን አምስት ጊዜ አውጥቶ ጥሏል፤ አምስት ጊዜ ተመልሶ ገብቷል። ቢቆጣ ቢለምን መልሱ አንድ ነው፦ «ለማንኛውም ይያዝ።» ሲብስበት ደግሞ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባልለታል።

ዓምና ቢያንስ ተተኩሶ ነበር። ባዳሳ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆቅ አየሁ ብሎ ተኮሰ፤ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ኃይለልዑል «ድንጋይ ገዳይ» ብሎ ሳቀበትና ወዲያው ሆዴን አመመኝ አለ። ሶፍቱን አንሥቶ ቁልቁል ወረደ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠፋ። ባዳሳ ብርዱ ላይ ቆሞ ጓደኛውን ከነሆዱ ረገመው። ሳምንት ሳይሞላ ባዳሳ የገደለው ድንጋይ ዝና ጊኒር ደረሰ።

ዘንድሮ ግን አንድም ጥይት አልጮኸም። ቆቅ የምትገኘው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ገብስ ከታጨደበት ማሳ ዳር ወጥታ ትለቅማለች፣ ፀሐይ ሲሞቅ አስታው ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ኃይለልዑል ቦርሳውን ሞልቶ፣ ዘርግፎ፣ ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ ብሎ እንደገና ሞልቶ ሲጨርስ የሮቤ ባጃጆች ሁለተኛ ዙራቸውን ጀምረዋል። ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ። ባዳሳም በየሳምንቱ የኃይለልዑልን ደጃፍ ተደግፎ «ያ ዋቅ» ይላል፤ አምላክም እንደሱ ደጅ የቆመ ይመስል ዝም።

ባዳሳን ያንገበገበው ቆቋ አልነበረችም። በጥቅምት አንድ የዓይን ሐኪም መርምሮት የዓይን ግፊት እንደሆነ፣ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ እያለ እንደሚሄድ ነግሮታል። ጠብታ ሰጠው። ባዳሳ ይህን ለልጆቹም ለኃይለልዑልም አልተናገረም። ዝናብም ጭቃም ጉምም ያላሸነፈው ዓይን ነበር፤ በዚያ ዓይን ነው እንጀራ የበላው። የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይጨልምበት በፊት በገዛ እጁ አንዲት ቆቅ መጣል። ከፋሲካ በኋላ ማየቱን እንጃ። በየቅዳሜው የኃይለልዑል ሸራ ላይ የተዘረጋውን ሻማና ገመድ ሲያይ የሚያልቀው ጊዜ ሳይሆን ዓይኑ ይመስለውና ተስፋ ይቆርጣል። አንድ ቀን እንባው መጥቶ ጉንፋን ነው አለ። ቪክሱ ወጣለት።

የቅበላ ቅዳሜ ደረሰ። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ያህል ሥጋም አደንም የለም። ባዳሳ ገና ሳይነጋ ባጃጅ ደጅ አስቁሞ ጓደኛው ቤት ገባ። ኃይለልዑል ሸራው ላይ ተንበርክኮ የዝናብ ላስቲኩንና ጃንጥላውን እያስተያየ ነው።  ባዳሳ ጃንጥላውን ወደ ግቢው ወረወረ፤ የቀረውን እንደ ድንች ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቀና ሊቀ ቦርሳን በክንዱ ጎትቶ አወጣው። ወይዘሮ ኢየሩስ ከበሩ ሆና እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ከጎባ በላይ ካለው ቁልቁለት ሲደርሱ ጎሕ ገና መቅደዱ ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኗል። ከማሳው ዳር ቆቅ ጮኸች፣ ሌላዋ መለሰች። ባዳሳ ጠመንጃውን ከፍቶ ሳይዞር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ጥይት አልመጣም። ኃይለልዑል ፔርሙዙን አወጣ፣ ገመዱን አወጣ፣ ሻማውን አወጣ። ባዳሳ ቦርሳውን ነጥቆ ሣሩ ላይ ገለበጠው። ሁሉም ነገር አለ፤ ጥይት የለም።

ባዳሳ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሰማዩ እየቀላ ነበር፤ ለሱ ግን ከጎንና ከጎን ጉም የያዘው ትንሽ ቀዳዳ ነው። ሁሉም ነገር አበቃ ብሎ አሰበ፤ መራገሚያ ጉልበት እንኳ አጣ። ከዚያ ፊት ለፊቱ የተበተነውን ዕቃ አየ። አንድ ወረቀት በሦስት ቅጂ የሚይዝ ሰው ጥይት አይረሳም።

«ኃይለልዑል፣ ረስተኸው ነው?»

«አልረሳሁትም» አለ ኃይለልዑል። «ዘንድሮ አንድም ቀን ይዤው አላውቅም።»

«ለምን?»

ኃይለልዑል ሻማውን አንሥቶ በሸሚዙ ጠረገው። «ዓምና ድንጋዩን የመታህበት ቀን፣ ከድንጋዩ ጀርባ እንጨት የምትለቅም ሴት ነበረች። አጎንብሳ ነበር። እኔ ከዚህ ቆሜ አየኋት፤ አንተ አላየሃትም። ሆዴን አመመኝ ብዬ የወረድኩት ወደሷ ነው። ተኳሹ እኔ ነኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ፍንጣሪ አልነካትም፤ የረገመችኝ ግን እስካሁን አለ።»

ባዳሳ ባዶውን ቦርሳ ወደ ራሱ ሳበ። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ መሙላትና መዘርገፍ፣ ያ ሁሉ ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ፣ ፀሐይ እስኪወጣ ማዘግየት ነበር። ሰውየው ዓይንህ ጠፍቷል ከማለት ዓመቱን ሙሉ የሮቤ መሣቂያ መሆንን መርጧል።

«ልትነግረኝ ትችል ነበር» አለ።

«አንተስ?»

 ቆቆቹ እንደገና ጮኹ። ባዳሳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና ሦስት ናቸው፣ አንዱ አውራ ነው አለ። ኃይለልዑል አሻግሮ አየ፤ ሦስት ነበሩ።

ቅበላውን በተቀቀለ እንቁላልና በሚጥሚጣ ፈጸሙ። ዕቃው ሲሰበሰብ ባዳሳ ጠመንጃውን ለሁለት ፈታውና ይህንንስ የት ታገባዋለህ የሚል ይመስል ዘረጋለት። ኃይለልዑል ሰደፉን ከታች አስተኛው። አፈሙዙን ያንን ለምን እንደተሰፋ ያልታወቀውን ረጅም የጎን ኪስ ከፍቶ አስገባው። ልኩ ነበር። ኃይለልዑል ሰልባጅ ተራ ቆሞ ኪሱን ለዚህ ቀን ብሎ በስንዝሩ እንደለካው ባዳሳ ያን ጊዜ ገባው፤ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ቁልቁል ሲወርዱ ድንጋይ ያለበትን እየነገረ ክንዱን የያዘው ኃይለልዑል ነው። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ባዳሳ ቆመ።

«ለሚመጣው ቅዳሜ ቦርሳውን ከዓርብ ጀምረው።»

«ጾም ነው እኮ።»

«ቆቅ አትጾም። ትጮኻለች፣ እንሰማለን።» ጥቂት ተራመደና ጨመረ፣ «ጃንጥላዋንም አትርሳ። ለማንኛውም።»