ሃያ ሦስት ዲግሪ

በ2003 ዓ.ም. የተፈጸመውን፣ ታሪክም ሊዘነጋው የማይገባውን ታላቅ ተግባር ለትውልድ ማስተላለፍ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከአርባ ምንጭ ወረድ ብሎ፣ በሙዝ እርሻዎች መካከል የሚገኘው የጤና መሥሪያ ቤታችን ወባን ድል የነሣው በአንዲት ቴርሞሜትር ነው። የሙቀት መዝገቡን የሞላሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ፈጣን የወባ መመርመሪያ ኪቶች በካርቶን መጡልን። ካርቶኑ ላይ «ከሠላሳ ዲግሪ በላይ ሙቀት ባለበት አይቀመጥ» ይላል። መጋዘናችን ግን ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ ገብቶ የወጣ ሰው ስሙን ለማስታወስ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። የላቦራቶሪ ባለሙያችን ሔርሜላ አብሮ የተላከውን ቴርሞሜትር እዚያ ሰቅላ በማግስቱ አርባ ሁለት አነበበች፤ ሮጣም ለኃላፊያችን ለአቶ ሰይፈሥላሴ ነገረቻቸው።

«አርባ ሁለት!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ይኼ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው! ቢፈነዳ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ኪቶቹ አይፈነዱም፤ ይበላሻሉ እንጂ።»

«እኔ የማወራው ስለ ቴርሞሜትሩ ነው!»

በዚያው ዕለት ቴርሞሜትሩ ኤር ኮንዲሽነር ወዳለበት የኃላፊው ቢሮ ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ በመጋዘኑ መዝገብ ላይ ጠዋትም ማታም ሃያ ሦስት ዲግሪ እያልኩ ጻፍኩ። ኪቶቹ እዚያው ቆርቆሮው ሥር ቀሩ፤ ለሁሉም የሚበቃ ቢሮ ከየት ይመጣል?

በሦስተኛው ወር ወባ ጠፋ። የመጣው ታማሚ ሁሉ ይመረመራል፤ ኪቱ አንዲት መስመር ብቻ ያሳያል፤ አንድ መስመር ማለት ወባ የለም ማለት ነው። ሔርሜላ «በማይክሮስኮፕ እናረጋግጥ» ብትል የተገኘውን ድል በመጠራጠሯ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ማይክሮስኮፑም ተቆለፈበት።

በድሉ በዓል ኃላፊያችን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ዘበኛችን ጋሽ ኦይታ በቡልኮ ተጠቅልለው ከኋላ ሲንቀጠቀጡ አዩና፣ «እነሆ፣ አባቶቻችን በደስታ ይንቀጠቀጣሉ!» አሉ። አጨበጨብን።

ጋሽ ኦይታ ግን ከታመሙ አራተኛ ቀናቸው ነበር። ሦስት ጊዜ ተመርምረው ሦስቴም ጤነኛ ተብለዋል።

«ጌታዬ፣ እኔ ወባን አውቃለሁ። ከልጅነት ነው የምንተዋወቀው። መድኃኒቱን ስጡኝ» አሏቸው ኃላፊያችንን።

«ያለ ማስረጃ መድኃኒት አይሰጥም፣ ጋሽ ኦይታ። ማስረጃዎ የት አለ?»

«ይኸው እኔ!»

«ሰው ማስረጃ አይሆንም።»

እውነቱን ለመናገር ሽማግሌው አንጀቴን በሉኝ። ነገር ግን ማዘን በሥራ መደቤ ዝርዝር ውስጥ የለም።

በዚያው ሳምንት አቶ ሰይፈሥላሴ ለለቅሶ ወደ ደጋው፣ ወደ ገረሴ ወጡ። ለቅሶ ቤት እንደ ተቀመጡ ብርድ ብርድ አላቸው፤ ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። የደጋው ኪት በቀዝቃዛ ቤት የኖረ ነውና ሁለት መስመር ቁልጭ አድርጎ አወጣ። መድኃኒቱን ዋጡ፤ በሳምንቱ ድነው ተመለሱ።

ሔርሜላ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «አሁንስ ገባዎት?»

«በሚገባ!» አሉና ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። «ባልደረቦቼ፣ እዚህ ስንመረምር ወባ የለም። ገረሴ ሲመረመር አለ። እንግዲያው ወባ ያለው የት ነው?»

«ገረሴ!» አልን ከሔርሜላ በቀር ሁላችንም በአንድ ድምፅ። በእጃችን ያለው አጎበርና የወባ መድኃኒት በሙሉ ለገረሴ ወገኖቻችን እንዲላክም ወሰንን።

መኪናው ሲጫን ጋሽ ኦይታ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ መጡ።

«ጌታዬ፣ እኔንም ከዕቃው ጋር ጫኑኝ። ገረሴ ይመርምሩኝ፤ አለዚያ መሞቴ ነው።»

አቶ ሰይፈሥላሴ እንባ አቀረሩ። ሽማግሌውን እቅፍ አድርገው ከመኪናው አራቋቸው።

«አይሆንም፣ ጋሽ ኦይታ። እዚያ ወባ አለ። ጤነኛ ሰው ወስጄ ባስይዝ ልጆችዎን በምን ዓይኔ አያለሁ?»