ቅጂ ሳይያዝ አይነካም

ሌላው ሁሉ «ፎርማት ይደረግና ይገላገል» ሲል፣ «እኔ ቆሜማ አይሆንም!» ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት ድርቅ የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። በእኛ ብሎክ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ናቸው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ አንቱታውን ያገኙት በሥራቸው ነው።

ክብርት ወይዘሮ የአንድ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ማውስ አይወዱም፤ እሳቸው ዘንድ የሰነፍ ምርኩዝ ነው። ጥቁሩን ስክሪን ከፍተው ትእዛዙን በፊደል እየጻፉ ከማሽኑ ጋር ይነጋገራሉ። ከዚያ በፊት ግን ያለውን ሴቲንግ ሁሉ ፍላሽ ላይ ይቀዳሉ። «ቅጂ ሳይያዝ አይነካም!»

ኩሽናቸውን ከማጽዳታቸው በፊት የመደርደሪያውን ፎቶ ያነሣሉ። ወንዛዬ ፍል ውሃ አብረን የሄድን ጊዜ የሻንጣቸውን ሆድ በስልካቸው አንሥተው ነበር፤ ስንመለስ ልብሱን ያጠፉት ያንን እያዩ ነው። ከባለቤታቸው ከአቶ አዘዘ ጋር የተጋጩ ዕለት ደግሞ በግድግዳው በኩል እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦ «አዘዘ፣ ይኼ ነገር የትም አያደርሰንም፤ ወደ ማክሰኞ ጠዋት እንመለስ፤ ያኔ ደህና ነበርን።»

አቶ አዘዘ አሰብ አደረጉና «ማክሰኞም ተኳርፈን ነበር፤ ሰኞ ይሻላል» አሉ።

እንዲህ ስስቅባቸው ኖሬ የአባቴ ኮምፒውተር ታመመ። አባቴ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ የመምህራቸውን ቅኔዎች በቃላቸው የያዙ፣ የቀሩ ብቸኛ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ቅኔዎቹን የሚጽፉት በጣታቸው ልማድ ነው፤ የኪቦርዱ ፊደል እንደሚመቻቸው ተደርድሮላቸዋል። አንድ ጠጋኝ «ላጽዳልዎት» ብሎ ያንን አደራደር ድምጥማጡን አጠፋው። የቱ ፊደል የት እንደነበር አባቴ በአፋቸው መናገር አይችሉም፤ የሚያውቀው ጣታቸው ነው። ሌላ ጠጋኝ ብንጠራ «ፎርማት ይደረግ፤ ጽሑፉን ቀድቼ አስቀምጣለሁ፣ ምን ይጎድላል?» አለ።

አባቴ ኮምፒውተሩን በነጠላ ሸፈኑት። «ፊደል አንድ ጊዜ ቆጠርሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ አልቆጥርም። ያልጻፍሁት ቅኔ ከእኔ ጋር ይቀበር» አሉ። ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ስለሆኑ ፈራሁ።

ክብርት ወይዘሮ መጥተው ነጠላውን ገለጡ። መጀመሪያ የቀዱት የተበላሸውን ሴቲንግ ነው።

«የተበላሸ ምን ያደርግልናል?» አልኋቸው።

«የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ ሲባል አልሰሙም?»

የባሰውም መጣ። የመጀመሪያው ጥገና ጭራሽ አንድ ፊደል እንዳይጻፍ አደረገው። እኔን ላብ አጠመቀኝ፤ እሳቸው አንዲት ትእዛዝ ጽፈው ወደ ቀድሞው ብልሽት መለሱንና እንደገና ጀመሩ። ደግሞ ከሸፈ፤ ደግሞ መለሱ። ምሳ ቀርቦ አልነኩም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማሽኑ ራሱ አንድ ጥግ ሸሽጎት የነበረ የድሮ ሴቲንግ አገኙና መለሱት።

«የኔታ፣ እስቲ ይሞክሩት።»

አባቴ አንድ ቅኔ ሳያቆሙ ጻፉ። አነበብሁላቸው፤ አንድ ፊደል አልተዛነፈም። አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«የኔታ፣ ገና ያልጻፏቸው የት ናቸው?»

«እዚህ» አሉ አባቴ ግንባራቸውን ነክተው።

«ሌላ ቦታስ?»

«ሌላማ የት ይኖራል ልጄ?»

ሴትዮዋ ወንበራቸውን ወደ አባቴ ሳቡ። «በሉ ይንገሩኝ።»

«ግእዝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ይለመዳል።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጡ ከቤታቸው በፊት እኛ ዘንድ ይገባሉ። አባቴ ይመራሉ፣ እሳቸው ይከተላሉ፤ ሲሳሳቱ አባቴ ይቆጣሉ፣ እሳቸው ይደግማሉ። አሁን አልስቅባቸውም ብል ውሸት ነው፤ ግን እወዳቸዋለሁ፤ ያልመጡ ቀን ቤቱ ይጎድልብኛል።

ባለፈው እሑድ አባቴ አንድ ቅኔ ጀምረው መሐል ላይ ጠፋባቸው። ድንች ይልጡ የነበሩት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ቀና እንኳ ሳይሉ አባቴ ካቆሙበት ተቀብለው እስከ መጨረሻው ወረዱት።

አባቴ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ «መጨረሻው ላይ ቸኮልሽ፤ ድገሚው» አሏቸው።