የሕይወት አባት ያልፈቀዱት ክብር

(ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሚኒባስ። የቀወቱ የማሾ ገበሬ አቶ ሽፈራውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ወይንሸት የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ጠዋት ወይዘሮ ወይንሸት «ጥሪ አለብን» ብለው ኮት ሲያቀብሏቸው አቶ ሽፈራው የማን ጥሪ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ካራቆሬ የዘመዳቸው የበላይነሽ ልጅ ክርስትና እንዳለ ሰምተዋል። እሳቸውን የከነከናቸው ሌላ ጉዳይ ነው።)

ሽፈራው፦ እምቢ ብያለሁ፤ እምቢ ነው።

ወይንሸት፦ እኔ ምን አልኩ? ዝም ነው ያልኩት።

ሽፈራው፦ ዝምታሽ ራሱ ክርክር አለበት።

(ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሕይወት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኢኮኖሚክስ ትማራለች። ሰሞኑን ደውላ፣ በውጤታቸው የላቁ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች የክብር ማኅበር እንዳላቸው፣ እሷም እንደተመረጠች፣ ካልገባች ግን ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረቻቸው። አቶ ሽፈራው ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው ጥቂት ተመለከቱት፤ ከዚያም ከለከሏት። ልጅቷ ስታለቅስ በስልኩ ተሰምታለች።)

ወይንሸት፦ ለመሆኑ ማኅበሩ ምን ክፋት አለው?

ሽፈራው፦ ሰው ማኅበር የሚገባው ሽማግሌ ልኮ፣ ዋስ ጠርቶ ነው። እነዚህ ግን ራሳቸው ልጅቷን ይለምናሉ። ነጋዴ ማሳሽ ድረስ ከመጣ ያልነገረሽ ነገር አለ።

ወይንሸት፦ (የመስኮቱን መጋረጃ እየሳቡ) ፀሐዩ ፊትዎን መታዎት። እና ምንድን ነው ያልነገሯት?

ሽፈራው፦ ድካሙን። ሥራችሁ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄያታለሁ። ትምህርት የከበዳቸውን እናስጠናለን አለች። በነጻ? በነጻ። ይህ ወንፈል እንኳ አይደለም። ወንፈል ቢሆን እነሱም በተራቸው መጥተው እሷን ያስጠኗት ነበር።

(ሚኒባሱ ሰንበቴ ላይ ቀዝቀዝ አለ። አቶ ሽፈራው እጃቸውን ወደ መጋረጃው ሲዘረጉ ወይዘሮ ወይንሸት ቀደሟቸው።)

ወይንሸት፦ እኔ ሞኟ አልገባኝም። ጥፋቷ ጎበዝ መሆኗ ነው?

ሽፈራው፦ ጎበዝ መሆኗ መታወቁ ነው እንጂ። እኔን ምን አገኘኝ?

(እጃቸው ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ። ሞዴል አርሶ አደር ተብለው የተሸለሙበትን ታሪክ ጀመሩ። ሜዳሊያው ደረታቸው ላይ ገና ሳይሞቅ እንግዶች በመኪና መጡ፤ ፎቶ ሊነሱ ብለው ያበበውን ማሾ ረገጡት፤ በግ ታረደላቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲበላ ውሎ ሲያበቃ «ይህ ተክል ምንድን ነው?» አለ። የዚያን ቀን ወጡን የሠሩት ራሳቸው ወይዘሮ ወይንሸት ናቸው፤ ቢሆንም አዲስ እንደሚሰማ ሰው «ከዚያስ?» እያሉ አዳመጡ። አጣዬ በዚያው ታለፈች። ታሪኩ ሲያልቅ ከፊት አንድ መንገደኛ «ወራጅ አለ» አለ።)

ወይንሸት፦ (ፈጠን ብለው) የሕይወት አባት፣ እውነተኛው ክብር ታዲያ በምን ይታወቃል?

(እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አቶ ሽፈራው ወገባቸውን አቀኑ፤ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ወራጁ ወርዶ፣ መኪናው ተነሥቶ፣ ሜዳው ሁሉ ወደ ኋላ ሲቀር እሳቸው ገና ያብራሩ ነበር።)

ሽፈራው፦ ... በአጭሩ፣ እውነተኛ ክብር ቢሆን ወላጅ ይጠራ ነበር። መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ። ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ተነሥቶ እንዲመርቅም ይለመን ነበር።

ወይንሸት፦ እንዲህ ቢያደርጉ ይፈቅዱላታል?

ሽፈራው፦ አያደርጉም እንጂ፣ ካደረጉማ ምን ብዬ እከለክላለሁ?

ወይንሸት፦ ቃልዎ ነው?

ሽፈራው፦ ሽፈራው ሁለት ቃል የለውም።

(ወይዘሮ ወይንሸት መጋረጃውን በቀስታ ገለጡት።)

ሽፈራው፦ ይህ ካራቆሬ ነው?

ወይንሸት፦ ከሚሴ ነው።

ሽፈራው፦ ሹፌሩ አሳለፈን ማለት ነው። እኔ ገና ስሳፈር ዓይኑ አላማረኝም ነበር።

ወይንሸት፦ ሹፌሩ ምን አጠፋ? የከፈልኩት እስከ ዩኒቨርሲቲው ነው።

ሽፈራው፦ ክርስትናውስ?

ወይንሸት፦ እሱ የፊታችን እሑድ ነው። እኔ ጥሪ አለብን እንጂ ክርስትና አለብን አላልኩም። ማኅበሩ ወላጆችን ጠርቷል። ወንበሩ ከፊት ነው። ምርቃቱንም ሕይወት ለእርስዎ አስይዛለች።

(አቶ ሽፈራው ነጋዴውንም፣ ሹፌሩንም፣ ያላዩትን ማኅበርም ሲጠረጥሩ ከርመው አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ሳይፈትሹ እንደቀሩ ገባቸው። ላባቸውን ሊጠርጉ መሐረብ ፍለጋ እጃቸውን ኪስ ከተቱ። እጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ጠንካራ ነገር ነካ። አወጡት፤ ሜዳሊያው ነው።)

ሽፈራው፦ ይህን ማን ከተተው?

ወይንሸት፦ በየዓውደ ዓመቱ ከሳጥን አውጥተው፣ በሩን ዘግተው ሲወለውሉት የማይዎት እኔ ነኝ።

(ሚኒባሱ ከከሚሴ ወጣ።)

ሽፈራው፦ ወይንሸት።

ወይንሸት፦ አቤት።

ሽፈራው፦ ይህ ነገር የሚንጠለጠለው በግራ ደረት ነው ወይስ በቀኝ?