ሳይታመሙ ሐኪም ቤት የሚመላለሱት ኦቦ ወዬሳ

ሐኪም ቤት ባለበት አገር ሁሉ ሳይታመም የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። በሽተኛው አፉን ሳይከፍት እሱ ይናገራል፤ ሐኪሙ በሽተኛውን ሳይጠይቅ እሱ ሐኪሙን ይጠይቃል። ዛሬም አለ፤ በቀደም ልጄ ስታስመረምረኝ አይቼዋለሁ፣ ልብሱ ብቻ ነው የተለወጠው። የኛ የአዳማው ግን የሁሉም አለቃ ነበሩ። ክቡር ኦቦ ወዬሳ፣ ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙ የበሽተኞች ሁሉ ጠበቃ።

ጊዜው ጣልያን ሳይገባ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ግሪክ ሐኪም ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ያክም ነበር። በሽተኛ በመጣ ቁጥር ኦቦ ወዬሳ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው አብረው ይገባሉ። እኛ ልጆች በጣም እንፈራቸው ነበር። እሳቸው በገቡበት ቤት ሁሉ የታመመ ሰው ስለማይጠፋ፣ በሽታውን በጋቢያቸው ጠቅልለው የሚያዞሩት ይመስለን ነበር።

ሐኪሙም ይፈራቸዋል። የሱ ፍርሃት ደግሞ ምክንያት ነበረው። መድኃኒት ሲሰጥ "መጀመሪያ አንተ ቅመሰው" ይሉታል። ለሰው የሚቀርብ መጠጥ ተቀምሶ አይደል የሚሰጠው? መድኃኒቱስ ለምን ይቀራል? አንድ ቀን ለሆድ ድርቀት የሚሰጠውን የጉሎ ዘይት በከንፈሩ ነካ አድርጎ ሊያቀብል ሲል፣ "በበሽተኛው ልክ ነው እንጂ" ብለው አስጨለጡት። ያን ቀን ሐኪም ቤቱ ከረፋዱ ጀምሮ ተዘጋ። ሐኪሙ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል፣ የጠራው ግን የለም። የተነቀለ ጥርስም "የሰው ንብረት ነው" ብለው ለባለቤቱ ያስመልሳሉ። ከሁሉ የባሰችው ግን "ምስክር ባለበት ይነገር" የምትለዋ ቃላቸው ነበረች። ሐኪሙ ለበሽተኛው በጆሮው ሊነግረው ጎንበስ ሲል፣ እሳቸው በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል። የጨው ነጋዴው አብዱልጀባር የኪንታሮቱ ወሬ ገበያውን ካዳረሰ በኋላ ዕቃውን ጭኖ ቡልቡላ ገባ፤ ሱቁንም እዚያው ከፈተ።

እናቴ ዲንቄ የታመመችው እንግዲህ በዚያ ዘመን ነው። ጎኗ ላይ እብጠት ወጣባት፣ መግል ቋጠረ፣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣት ጀመር። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሳት። ኦቦ ወዬሳ ከፊት ከፊት ሲሄዱ ሳይ፣ በቃ እናቴ ልትሞት ነው አልኩ።

ሐኪሙ አያትና ዛሬውኑ ካልተቀደደ መግሉ ደሟ ውስጥ ገብቶ ይገድላታል አለ። ቢላውን ግን አላነሳም። ቢሾፍቱ ሳለ አንድ የቀደደው ሰው ሞቶበት፣ ዘመዶቹ ጦር ይዘው ደም ሊጠይቁት መጥተው፣ በመስኮት ነው ያመለጠው ይባላል። ከዚያ ወዲህ የበሽተኛው ዘመድ ሰው በተሰበሰበበት "ቢሞት ደሙን አልጠይቅም" ብሎ ካልማለ ቢላ አይነካም። አባቴ ደግሞ ሞቷል። ለእናቴ ቃል የሚሰጡት ሁለቱ ወንድሞቿ፣ ባጫና ፈዬራ ናቸው፤ ያሉትም አቦምሳ። መልእክተኛ ሄዶ እስኪመለስ እሷ አትቆይም።

ሰው ተሰብስቦ ይከራከር ጀመር። አንዱ ወንድሞቿ ይጠበቁ ይላል። ሌላው በባዕድ ቢላ ከምትቀደድ ቤቷ ትሙት ይላል። ሽማግሌው ሰንበታ ዋስ ይሁኑ ሲባሉ፣ ባጫን አውቀዋለሁ ብለው ወደ ኋላ አሉ። ባጫን የሚያውቅ ሁሉ ወደ ኋላ አለ። እኔ የቃሬዛውን ጫፍ ይዤ ቆሜያለሁ፤ የእናቴ ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል።

ኦቦ ወዬሳ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ወደ ፊት መጡ። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት አስቀምጠው ቃሬዛው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

"ዲንቄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

እሷን መጠየቅ ለማንም ትዝ አላለውም ነበር፤ ለሐኪሙም ቢሆን።

"ይቅደደው" አለች። "ልጄ ገና ትንሽ ናት።"

ሐኪሙ ግን ራሱን ነቀነቀ። የሷ ቃል ከወንድሞቿ ጦር አያድነኝም አለ፤ አልተሳሳተምም። ኦቦ ወዬሳ ላባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"እንግዲያው የደም ዋሷ እኔ ነኝ። ብትሞት እኔን ይጠይቁኝ።"

በሩ ተዘጋ። እኔና እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ የሚያስተኛው መድኃኒት ሽታ ይመጣል፣ ብረት ከብረት ሲነካካ ይሰማል፤ የእናቴ ድምፅ ግን የለም። ኋላ ጦርነትም አይቻለሁ፣ እንደዚያን ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም። ኦቦ ወዬሳ ጎንበስ አሉና በጆሮዬ፣ "አጎቶችሽ ክፉ ናቸው እንዴ?" አሉኝ።

"በጣም" አልኳቸው።

ተነስተው የሚሄዱ መስሎኝ የጋቢያቸውን ጫፍ ጨምድጄ ያዝኩ። እሳቸው ጋቢውን ሰፋ አድርገው እኔንም አለበሱኝ። እጃቸው በረዶ ሆኖ ነበር።

እናቴ ነቃች። አጎቶቼ ሲደርሱ ቁስሏ መጠገግ ጀምሯል፤ የነሱ ቁጣ ግን ገና ትኩስ ነው። ኦቦ ወዬሳን እኛው ቤት አገኟቸው። ባጫ ጦሩን ሳያስቀምጥ መሃል ወለሉ ላይ ቆመ።

"በእህታችን ደም ዋስ የሆንከው አንተ ማነህ? ዘመዷ ነህ?"

ኦቦ ወዬሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ወደ በሩ አየሁ፤ በሩ ላይ ፈዬራ ቆሟል።

እናቴ በክርኗ ተደግፋ ከመደቡ ቀና አለች።

"ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ገላው የኔ ነው። እሱ የጠየቀኝ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ወንድ መሃል የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።"

ባጫ ጦሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። እናቴም ለሰውየው ዱካ አቅርቢ አለችኝ። ዱካውን አምጥቼ ከሁለቱ አጎቶቼ መሃል አኖርኩላቸው። ኦቦ ወዬሳ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ትንሽ አረፍ እንዳሉም ወደ ፈዬራ ዞር ብለው፣ ዐይኑ የቀላው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር።