ሰውየውን ቀይሩልኝ ያለው ጉልበቴ

አቶ ልሳነወርቅ የሰደበኝ ባለፈው ጥር፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ በጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ላይ ነው። የእድራችን ዳኛ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ «ኖር!» ብሎ ተነሳለት። እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ጉልበቴ አልዘረጋ አለኝ። መጥቶ ፊቴ ቆመና፣ «አንተ ባንተይርጋ፣ የታመመው ጉልበትህ ሳይሆን አስተዳደግህ ነው!» አለኝ። ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ያንን ጉልበት የጨረስኩት የእሱን ሳሎን ሴራሚክ ሳነጥፍ፣ ተንበርክኬ መሆኑን አንድም ሰው አላነሳም። መልሱ የመጣልኝ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳሻሽለው ከረምኩ።

ትናንት ሌሊት ታዲያ፣ የጉልበት መርፌ ወረፋ ይዤ ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳደርኩ፣ ሕልም አየሁ። ዶክተሩ፣ «መርፌው ለጥቂት ወራት ያስታግስሃል፤ እምቢ ካለ መገጣጠሚያው በብረት ይቀየራል» ብሎኝ ነበር። መድኃኒቱ እንደልብ አይገኝም። ተራው ያመለጠው ሰው ደግሞ መቼ እንደሚያገኝ እንጃ።

በሕልሜ ሐኪሞቹ ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ ተንበርክከው ኮሪደሩን ሞልተውታል። በሽተኞቹ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር አንዲት አሮጊትን ይለማመጣል።

«እማማ፣ እባክዎ ይታከሙልኝ፤ ከሌሊት ጀምሮ ነው የተሰለፍኩት።»

«ነገ ና!» አሉት። «ዛሬ ሕመሜን ቤት ረስቼዋለሁ።»

ይበላቸው! አልኩ በልቤ።

ወንበሮቹ አዩኝና ብድግ ብለው «ኖር!» አሉ። ሰው ያላደረገልኝን ወንበር ሲያደርግልኝ እንባዬ መጣ። «በእግዜር!» አልኩ። ግን ሁሉም ስለቆሙ መቀመጫ አጣሁ።

አንድ በር ተከፈተ። አልጋው ላይ ጉልበቴ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቷል። እኔ በምን እንደቆምኩ አላውቅም።

«ምንህን ነው የሚያምህ?» አለው ቀዶ ሐኪሙ።

«ሰውየው ነው የሚያመኝ» አለ ጉልበቴ። «ከእኔ በላይ ያለው በሙሉ።»

«መርፌ አልሞከርክም?»

«አስወግቼዋለሁ። ጥቂት ወር ዝም አለ፤ ከዚያ ያንኑ የሰርግ ነገር ማመንዠክ ጀመረ።»

«እንግዲያው አለቀ። ሰውየው ይቀየራል።»

አዲሱን ሰው በላስቲክ እንደተጠቀለለ እየገፉ አመጡት። ሲገልጡት አቶ ልሳነወርቅ!

«ይኼ ጥሩ ዕቃ ነው» አለ ሐኪሙ። «አይነሳም፤ ይነሱለታል እንጂ። ከጉልበት ጋር ጠብ የለውም።»

«ያለቅነው እኮ በእሱ ሳሎን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አንተ ከሃዲ! አብረን አይደለም የተንበረከክነው?»

ጉልበቴ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየኝ። «የተንበረከክሁት እኔ ነኝ። አንተ ከላይ ሆነህ ‹እሺ ጌታዬ› ትል ነበር። በሰርጉም ቀን ዝም አልክ። ለመልስ ብትነሳ ኖሮ እኔ እሸከምህ ነበር።»

«መልሱ አለኝ! አሁን አለኝ!»

ሐኪሙ መጋዙን አነሳ። አፌን ስከፍት ነቃሁ።

ነግቷል። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። በሩ ላይ አቶ ልሳነወርቅ ከዘራውን ተመርኩዞ ቆሟል፤ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። መቀመጫ የለም። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

ዓመት ሙሉ ያሻሻልኩት መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ተቀምጬማ አልናገረውም አልኩ። ግድግዳውን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁ። ጉልበቴ ቋ ሲል ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

«በእግዜር! በእግዜር!» አለ አቶ ልሳነወርቅ፣ ፊቱ በርቶ። «ይኸው! ተግሣጽ ሰው ያደርጋል ብዬ ነበር።» ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና ቦታዬ ላይ ዘፍ አለ።

«ትልቅ ሰው ማክበር እንዲህ ነው» አለች አንዲት ሴትዮ።

ሲስተሯ ብቅ አለች። «የመርፌው ባለተራ ማነው?»

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ፤ ወንድሜ ለቆልኛል» አላት። ወደ እኔ ዞረ። «አይደለም እንዴ፣ ባንተይርጋ?»

ሰው ሁሉ አየኝ፤ ሲስተሯም መርፌዋን ይዛ አየችኝ።

መልሴን ዋጥኩና፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ፣ እያነከስኩ ወጣሁ።