በደሜ ውስጥ ያለው ብረት

ግማሹን ሰምቶ ሙሉውን የሚፈራ ሽማግሌ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ እኔን እዩኝ።

ተገኘ የሚባለው እኩያዬ ቢቸና ገበያ መሐል ደረቱን እንደያዘ ወድቆ ሞተ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ጃንሆይ የላኩልን የጤና መኮንን «በደማችን ውስጥ ብረትና መዳብ አለ። ሲበዛ የሽማግሌ ልብ ይጎዳ እንደሆነ ሐኪሞች ገና እየመረመሩ ነው» አለ። እኔ «ገና» የምትለዋን አልሰማሁም። «ጤፍ ብረት አለው» ሲል ግን ጆሮዬ ቆመ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንጀራ እርም አልኩ። ድንች ብቻ እየበላሁ ሰነበትኩ። ጉልበቴ ይርድ፣ ልቤም ይደልቅ ጀመር። «ብረቱ ነው! አለቀልኝ!» ብዬ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩና ከባለቤቴ ከጥሩነሽ ጋር በበቅሎ ሞጣ ወዳለው ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሙ ደረቴን ደጋግሞ አዳመጠ። «አባቴ፣ ልብዎ የጎረምሳ ልብ ነው። የጎዳዎት ረሃብ ነው» አለኝ።

እልል ልል ስል ጥሩነሽ ቀደመችኝ።

«ዶክተር፣ እስቲ ደግመው ይዩልኝ። ልብ ቢኖራቸው ኖሮ እንጀራ ይተዉ ነበር?»