ቤት ለመሸጥ የጎደለኝ ወረቀት

ሰው በገዛ ቤቱ ለመኖር ማስረጃ አይጠየቅም። ጠዋት በሩን ከፍታችሁ ስትወጡ፣ ማታ ቆልፋችሁ ስትተኙ፣ «ለመሆኑ ቤቱ የእናንተ ስለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አላችሁ?» የሚላችሁ የለም። ባለቤትነታችሁን በማኅተም አስደግፋችሁ እንድታስረዱ የምትጠየቁት ባለቤትነቱን ልትተዉት የተነሳችሁ ዕለት ነው። እስቲ ይህን ነገር ረጋ ብላችሁ አስቡት። እኔ ሰሞኑን ከማሰብ በቀር ሌላ ሥራ የለኝም።

ወረቀት የምፈራ ሰው እንዳልመስላችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። በእኔ ዘመን ከዚያ መጋዘን ሳይፈረምበት የወጣ ብሎን የለም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እስኪሪብቶ ሲያምራቸው መጥተው ይፈርሙ ነበር። ስለዚህ የቀራንዮውን ቤት ሸጬ ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ኮንዶሚኒየም ልግባ ብዬ ስወስን፣ ሌላውን ሰው የሚያስለቅሰው የወረቀት ጣጣ እኔን እንዲያውም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ከጡረታ በኋላ የሚረባ ሥራ አገኘሁ አልኩ።

ለምን ትሸጣለህ ካላችሁኝ፣ ጣሪያው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ጣሪያችሁ የሌላ ሰው ወለል ነው። ቢያፈስ እሱ ይጨነቅበት።

የቤቱን እመቤት፣ ወይንሸትን፣ አማክረሃታል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነግሬያታለሁ። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና ሳትል «ካርታው በስምህ ነው» አለችኝ። እኔም እንደ ፈቃድ ቆጠርኩትና ወጣሁ። ሴት ልጅ ምስር እየለቀመች የተናገረችውን ነገር ሁለት ጊዜ መስማት እንደሚያስፈልግ ያኔ አላወቅሁም።

ደላላው ሰለሞን ይባላል። አፉ ፈጣን፣ ጫማው ንጹህ ነው። የሚያስፈልገውን ሁሉ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረልኝ። ካርታው፣ የግብር ክሊራንሱ፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ የሚጻፈው ደብዳቤ፣ የመብራትና የውሃ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የታደሰ መታወቂያ። ሁሉንም አሟላሁ። ሰልፍ ላይ የሚያጉረመርሙትን ሰዎች ሳይ አዘንኩላቸው፤ እኔ ኮፒውን በሁለት፣ ኦሪጅናሉን በፕላስቲክ አድርጌ ነው የምሄደው። ፋይሌን ለሰለሞን ሳሳየው «ጋሼ፣ እንደርስዎ ዓይነት ሻጭ አይቼ አላውቅም» አለኝ። ደስ አለኝ፣ አልደብቃችሁም።

ከዚያ እግረ መንገዱን፣ አንዲት ትንሽ ነገር ቀረች አለ። ያገቡ ከሆነ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ ካላገቡ ያላገባ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። «ያላገባ» ማለት ሚስት የሌላችሁ መሆኑን ወረዳው በማኅተም የሚመሰክርላችሁ ወረቀት ነው። ነገ አንዲት ሴት መጥታ፣ ቤቱ የእኔም ነው ብላ ገዢውን እንዳታስጨንቀው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ችግሩ እኔ ከሁለቱ የትኛው እንደሆንኩ አለማወቄ ነው።

ከወይንሸት ጋር አብረን መኖር የጀመርነው ይህ ቤት ገና አንድ ክፍል ሳለ ነው። ያኔ ቤቱ ሲያልቅ እንጋባለን አልኳት። እንግዳ የት ይቀመጣል? እሺ አለች። ሳሎኑ ቆመ፤ ሊሾው ይግባ አልን። ሊሾው ገባ፤ አጥሩ ይታጠር አልን። አጥሩ ታጠረ፤ የመጀመሪያው ክፍል ቀለም ለቆ ጠበቀን። ቤት እንደሆነ አያልቅም። ልጃችን ተወለደች፣ አደገች፣ በሥርዓት ተሞሽራ ሄደች፤ የጓዳው ኮርኒስ ግን እስከ ዛሬ ግማሽ ነው። የመጋባታችንን ነገር ማንም አላነሳውም። ሰፈሩ ባልና ሚስት ይለናል፣ እኛም ነን ብለን እንኖራለን።

ታዲያ ሕጉ የሚለው ወረቀት የሌለው ጋብቻ የለውም ነው ብዬ፣ በመጋዘን ጭንቅላቴ አሰብኩና ወረዳ ሄድኩ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ በትህትና፣ አለማግባትዎን የሚያውቁ ምስክሮች ይዘው ይምጡ አለችኝ።

ምስክር ሲባል መጀመሪያ የመጡልኝ የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ዘርጋ ናቸው። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ የቤቴ ሚስማር በሙሉ ከእሳቸው የተገዛ ነው። ነገሩን በረጅሙ አስረዳኋቸው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ የወይንሸት እናት ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ የተተከለው የት ነበር ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግቢ ነዋ አልኩ። በምን ምክንያት አሉ። አማቴ ስለሆኑ፤ እድራችን ለአማት ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል።

«እንግዲያው ሚስት ከሌለህ» አሉኝ፣ «ያን ጊዜ እኛ ስናጽናና የሰነበትነው ማንን ነው? እኔ ቆሜ ንፍሮ ያስዞርኩት ለማን አማት ነው? ስማኝ ወንድሜ፣ ሌላ የምታዘኝ ካለ እዘዘኝ። እዚህ ላይ ግን እጄን አላሳርፍም። ነገ እሷ ደጄ ላይ ስታልፍ በየት በኩል ልያት?»

ሁለተኛው ጎረቤቴ ወይንሸት ታውቃለች ወይ ብቻ ነው ያለኝ። ሦስተኛው ዘንድ አልደረስኩም፤ ወሬው ቀደመኝ። የእኛ ሰፈር ወሬ ፌርማታ የለውም።

ቤት ስገባ ወይንሸት አልጮኸችም። ብትጮህ እንዴት ጥሩ ነበር። ራት አቀረበችልኝ፣ እጄን አስታጠበችኝ፣ ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ «አውጣው» አለችኝ። «ወረቀቱ የሚለው እውነት ነው፤ ማንም አልዋሸም። ታዲያ ስትሄድ ለእኔም አንድ አብረህ አውጣልኝ። አንተ ካላገባህ እኔም አላገባሁም ማለት ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ቤቱ አይሸጥም ብዬ አይደለም። ይቺ ሴት ያን ወረቀት ይዛ ብትወጣ የሚያስቆማት ነገር እንደሌለ ያን ማታ ገባኝ። ሊሾው ሲለሰን ውሃ ያቀረበችው፣ አጥሩ ሲታጠር ለሠራተኛ ምሳ የሠራችው፣ በረንዳው ላይ ያለችውን ጽጌረዳ የተከለችው እሷ ናት። ፋይሌን ገለጥኩት። የመብራት ቆጣሪ ስሙ ተጽፏል፣ የውሃ ቆጣሪ ስሙ ተጽፏል። የእሷ ስም የትም የለም። ብሎን ሳይፈረም አይወጣም ስል የኖርኩ ሰው፣ ሚስቴን በቃል ይዤ ነው የኖርኩት። አፈርኩ።

በማግስቱ ጋሽ ዘርጋን ሽማግሌ አድርጌ ወደ ራሴ ቤት ላክሁ። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። እሳቸውም በሥርዓቱ፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ወይንሸትም የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ራሴን ልጠይቅ ብላ ጓዳ ገባች። አቤት የቆየችው መቆየት። ስትወጣ የማኅበር ነጠላዋን ለብሳ ነበር።

ወረዳው ውስጥ ያላገባ ለመሆኔ አንድ ምስክር ያጣሁት ሰውዬ፣ ለማግባቴ ግን ምስክር ከወንበር በለጠብኝ። ያቺው የመስኮቷ ልጅ ፊቴን አስታውሳ ፈገግ አለችና መዝገቡን አዞረችልን። ፈረምን። ወይንሸት ሰርተፍኬቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ስሟ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች። እኔ ፋይሌን ከፍቼ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሰለሞን ሲሰማ እንኳን ደስ አላችሁ አለኝ፣ ከልቡ ነው። አሁን ሁሉም ነገር ተሟላ፣ ገዢውም እየጠበቀ ነው አለ። ባለቤትዎ ብቻ ከእርስዎ ጋር ቀርበው መስማማታቸውን ይፈርሙ። እንግዲህ ሚስት አለዎት ተብሎ ተጽፏል፤ ያለ ሚስት ፊርማ አይሆንም።

እየተቻኮልኩ ቤቴ ገባሁ። ወይንሸት ምስር እየለቀመች ነው። ሰለሞን ያለውን ነገርኳት። ይህን ጊዜ ቀና አለች። መጀመሪያ እኔን አየች፤ ቀጥሎ በተከፈተው በር በኩል ወደ ጓዳው ኮርኒስ፣ ወደ ግማሹ፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

እኔ መሸጡን አልጠላሁም፣ እፈርማለሁ አለችኝ። ቤቱ ሲያልቅ።